የሰፈራችን ነፃ ዋይፋይ እኔ ነኝ

የ12ኛ ክፍል ውጤት የተለቀቀ ዕለት ማታ የጎረቤታችን ልጅ በራችንን አንኳኳች። «ዳታ አለህ?» ከኋላዋ ሁለት ጓደኞቿ ቆመዋል። ሆትስፖት ከፈትኩላቸውና ሦስቱም ስልካቸው ላይ ተደፉ። ገጹ ይሽከረከራል። አንዷ ጥፍሯን ትበላለች፤ ሌላዋ ቲክቶኳን ሳትዘጋ ረስታዋለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጥቅሌ ማለቁን የሚናገር መልእክት መጣልኝ። አራታችንም ተያየን።

ተያይዘን አስፋልቱ ዳር ወዳለው ካፌ ሄድን። እዚያ ፓስወርድ የሚሰጠው ላዘዘ ሰው ብቻ ነው። አራት ሻይ አዘዝን። ልጅቷ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋቷን ውጤት ያየችው በአራት ሻይ ዋጋ ነው ማለት ነው።

ሰፈር ውስጥ ዳታ ያለቀበት ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ፍሪላንስ ስለምሠራ ዳታ የማያልቅብኝ ይመስላቸዋል። ያን ማታ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ገና ዛሬ ሳይሆን ከሃያ ዓመት በፊት ዋይፋይን እንደ መንገድ መብራት ለሕዝባቸው ያዳረሱ ትንንሽ አገሮች አሉ። እንዴት ቻሉ? ሌሎቹስ ለምን ቀሩ?

መጀመሪያ ወደ አፍ የሚመጣው መልስ «ትንሽ ስለሆኑ» የሚል ነው። እውነትም ትንሽነት ያግዛል፤ ጥቂት ምሰሶና ጥቂት ገመድ ይበቃል። ግን እስቲ ጎረቤታችንን ጅቡቲን እዩ። እሷም ትንሽ አገር ናት። ብዙ ዓለም አቀፍ የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ኬብሎች የሚያርፉት እዚያ ነው፤ ለእኛም ከሚደርሰን ኢንተርኔት ብዙው በእሷ በኩል ያልፋል። ምንጩ ደጃፏ ላይ እያለ ግን ኢንተርኔት ለነዋሪዎቿ ውድ ሆኖ ኖሯል። ለረጅም ዘመን ሻጩ አንድ የመንግሥት ኩባንያ ብቻ ነበር። ስለዚህ ትንሽነት ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደ ኢስቶኒያ እንሂድ። ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከሶቭየት ኅብረት ስትወጣ ሀብታም አልነበረችም፤ ስልክ ራሱ ወረፋ የሚጠበቅበት ነገር ነበር። በ1996 «የነብር ዝላይ» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረና መንግሥትና ማዘጋጃ ቤቶች ወጪ እየተጋሩ ትምህርት ቤቶችን በኮምፒውተርና በኢንተርኔት ሞሉ። ባንኮቿም በዚያው ዓመት አካባቢ በኢንተርኔት አገልግሎት መስጠት ጀመሩ። በ2001 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በቋሚ የስልክ መስመር ላይ የነበረው የአንድ ኩባንያ ብቸኛ መብት አበቃ። ውድድር ገባ።

ዋይፋዩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያመጣውም ሚኒስቴር አይደለም። ቬልዮ ሃመር የሚባል ሰው በ2002 ዋይፋይ.ኢኢ የሚባል እንቅስቃሴ ጀምሮ ካፌ ለካፌ፣ ሆቴል ለሆቴል፣ ነዳጅ ማደያ ለነዳጅ ማደያ እየዞረ ባለቤቶቹን ማሳመን ያዘ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ በምልክት እንዲታወቅም አደረገ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታሊን ውስጥ ቡና እየጠጡ ላፕቶፕ መክፈት ተራ ነገር ሆነ።

ካፌዎቹ ለምን እሺ አሉ? እዚህ ላይ ከኮሌጅ የቀረችኝን አንዲት ነገር ልጠቀም፤ ማርጂናል ኮስት። መስመሩ በወር ቁርጥ ክፍያ የሚከፈልበት ከሆነ አንድ ተጨማሪ ደንበኛ ሲገባበት ባለቤቱ ተጨማሪ ሳንቲም አይከፍልም። ዋይፋዩ የሚሠራበት ሞገድም ፈቃድ የማይጠየቅበት ነው፤ የሚያስፈልገው አንዲት ራውተር ናት። ደንበኛው ግን ሁለተኛ ቡና ሊያዝ ይችላል። የእኔ ሆትስፖት የዚህ ተቃራኒ ነው። የሞባይል ጥቅሌ በሜጋባይት ስለሚቆጠር ለጎረቤት ባካፈልኩ ቁጥር ከእኔ ይቀነሳል። ለጋስነት በሜጋባይት ሲለካ ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

(«እዚህማ አንድ ማኪያቶ ይዘው አራት ሰዓት ይቀመጡብኛል» የሚሉ የካፌ ባለቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ካደረጉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። የእኛ ካፌዎች መስመር ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በፍጥነት ልክ ነው፤ ለሠላሳ ሰው ሲከፋፈል ከረሜላ ለሠርግ ቤት እንደማደል ይሆናል።)

ከካፌው ይበልጥ የገረመኝ ግን ሕጋቸው ነው። በ2001 ሥራ ላይ የዋለው የሕዝብ መረጃ ሕግ መንግሥታዊ ተቋማትና ማዘጋጃ ቤቶች ድረ ገጽ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ያው ሕግ ማንም ሰው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ በኢንተርኔት ገብቶ ያንን መረጃ ማየት እንዲችልም ይደነግጋል። አያችሁ? «መረጃው ኢንተርኔት ላይ ነው» ያለው አፍ «መግቢያውም እዚህ ነው» ብሎ ጨረሰው። ዋይፋይ ሲመጣ ሰዉ የሚገባበት ጉዳይ ነበረው፤ ኢንተርኔትም የሁሉም ነው የሚለው ነገር ቀድሞ ተለምዶ ነበር።

መግቢያውን ብቻ ገንብቶ መስመሩን መርሳትም አለ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ኒዌ ሕዝቧ ሁለት ሺህ አይሞላም። በ2003 አገሩን በሙሉ በነፃ ዋይፋይ የሸፈነች የመጀመሪያዋ አገር ተብላ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው የሚካፈለው ከሳተላይት የሚመጣ ቀጭን መስመር ነበር፤ የባሕር ውስጥ ኬብል ያገኘችው ከ15 ዓመት በላይ ቆይታ ነው። ያኔ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የነበራት መቄዶንያ በሌላ በኩል ሄደች። በ2005 አካባቢ በአሜሪካ የልማት ድርጅት ገንዘብ ወደ 460 ትምህርት ቤቶች በገመድ አልባ ኢንተርኔት ተገናኙ። ያገናኛቸው ኩባንያ ትምህርት ቤቶቹን አስተማማኝ ደንበኛ አድርጎ ተራራ ላይ አንቴናውን ተከለ፤ ከዚያ በዚያው አንቴና ለመንደሩ ሰው መሸጥ ቻለ። ቀድሞ የሚከፍል ደንበኛ ተገኘለትና ሌላው ተከተለ።

እኛ ትንሽ አገር አይደለንም፤ ባሕርም የለንም፤ ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ በይፋ ሥራ የጀመረውም በጥቅምት 2022 ነው። ይሄ ሁሉ ምክንያት ይሆናል፣ አልክድም። ግን የፈተና ውጤት፣ የፓስፖርት ቀጠሮ፣ የሥራ ማመልከቻ ወደ ስልክ ገብቷል። ዳታ የሌለው ሰው በየት ይግባ የሚለውን ግን ለካፌ፣ ለጎረቤትና ለዘመድ ነው የተውነው።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷን ይዤ በአካባቢያችን ወዳለ አንድ የወጣት ማዕከል ሄድኩ፤ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን መሙላት ነበረባት። ግቢው ሰፊ ነው፣ ከረንቡላ አለ፣ ኳስ የሚታይበት ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። ከቢሮው በር በላይ ደግሞ የራውተር መብራት አረንጓዴ ብልጭ ብልጭ ትላለች። ፓስወርዱን ጠየቅኩ።

«ዋይፋይማ አለ» አለኝ ሰውዬው፣ በትሕትና፤ «ግን ለቢሮ ብቻ ነው።»

ሆትስፖቴን ከፈትኩላት።