የቮልስ ካምሻፍት ታይሚንግ

አዲስ አበባ «ቮልስ» ብላ የተቀበለችው የቮልስዋገን ቢትል ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተኙ ሞተር ነው። ካምሻፍቱ ከክራንክሻፍቱ ሥር ይቀመጣል፤ የሚያገናኛቸውም ሰንሰለት ወይም ቺንጋ ሳይሆን ሁለት ጊሮች ብቻ ናቸው። ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ይዞራል፤ በዚያ አንድ ዙር የስምንቱም ቫልቮላዎች ተራ ይደርሳል።

ዲስትሪቢዩተሩን አላልቶ የካንዴላውን እሳት ማስተካከል ከዚህ የተለየ ሥራ ነው፤ ከውጭ ሆኖ ይሠራል። የካምሻፍቱ ታይሚንግ ግን የሚወሰነው ሞተሩ ወርዶ ክራንክኬዙ ለሁለት ሲከፈል ነው። ክራንክሻፍቱ ቢየላዎቹን እንደያዘ በግራው ግማሽ ላይ ይተኛል። በጊሩ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጥርሶች ነጥብ አላቸው። በካምሻፍቱ ጊር ውጫዊ ፊት ላይ ደግሞ አንድ ጥርስ «0» የሚል ምልክት ተመትቶበታል። ይህ ጥርስ በሁለቱ ባለነጥብ ጥርሶች መካከል ከገባ ታይሚንጉ ገጠመ ማለት ነው። በአንድ ጥርስ እንኳ ከተዛነፈ ሞተሩ ለመነሣት ያስቸግራል፣ ጉልበት ያጣል፣ ይግላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። በዚያው ጊር ውስጠኛ ፊት ላይም «0»፣ «+1» ወይም «-1» ተጽፎ ይገኛል። ይህ የጊሩን መጠን ይነግራል እንጂ ታይሚንግን አይመለከትም። የጥርሶቹ ክፍተት ከ0.05 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ጊሩ የሚመረጠው በዚህ ቁጥር ነው። ክራንክሻፍቱ ወደ ኋላ ሲዞር ካምሻፍቱ ከመቀመጫው ብድግ ካለ ጊሩ ተልቋል፤ አነስ ያለ ይፈለጋል።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ፖርሽ 911 አድካሚ ነው። እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በአየር ሲቀዘቅዝ የኖረው ይህ የስፖርት መኪና ባለስድስት ሲሊንደር ሲሆን በየጎኑ በሰንሰለት የሚዞር ካምሻፍት አለው፤ ምልክት መግጠሙ ብቻ አይበቃውም። የአንደኛው ሲሊንደር የአየር ማስገቢያ ቫልቮላ ክፍተት 0.1 ሚሊሜትር ይደረግና ጫፉ ላይ ባለሰዓት መለኪያ ይቀመጣል። ሰንሰለቱ ተወጥሮ ሳለ ክራንክሻፍቱ ከ«Z1» ምልክት ተነሥቶ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ቫልቮላው ምን ያህል እንደተከፈተ ይነበባል። ከ1984 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. በተሠራው 3.2 ካሬራ ንባቡ ከ1.1 እስከ 1.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ካልሆነ የጊሩ ማሰሪያ ፒን ተነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ልኬቱም ይደገማል። በሌላው ጎን በአራተኛው ሲሊንደር ላይ ሥራው እንዳለ ይከተላል።

ቮልስ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ክራንክኬዙ ከመዘጋቱ በፊት ክራንክሻፍቱን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ነጥቦቹና «0»ው ተመልሰው መገናኘታቸውን ማየት ይበቃል። ይህ ሳይታይ ከተዘጋ ግን ስሕተቱን ለማረም ሞተሩን እንደገና አውርዶ መክፈት ግድ ይሆናል።