ስለ ጃቫስክሪፕት ሞጁሎችና ስለ ጋራ ኮድ

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በእንጅባራ የሚያከብረው በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ነው። ይህም ዕለት አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 31 ይውላል፤ ያለፈችው ጳጉሜን 6 ቀን ከነበረች ግን፣ በ2016 ዓ.ም. እንደ ሆነው፣ ወደ ፌብሩዋሪ 1 ይሸጋገራል።

ለዚህ በዓል ሁለት ፕሮግራሞች በጃቫስክሪፕት ተጻፉ እንበል፤ አንደኛው ከውጭ አገር ለሚመጡ እንግዶች ቀኑን የሚያስታውቅ፣ ሁለተኛው ከዳንግላ የሚነሡትን ተጓዦች የሚመዘግብ ነው። የቀን መለወጫው ኮድ በሁለቱም ውስጥ የተገለበጠ እንደ ሆነ፣ በአንደኛው የታረመው ስሕተት በሌላው ሳይታረም ይቀራል፤ እንግዳውና ተጓዡም በተለያየ ቀን ይቀጠራሉ።

ስለዚህ መለወጫውን ለብቻው በአንድ ፋይል እንጽፈውና «ኤክስፖርት» በሚለው ቃል ለሌሎች እንፈቅደዋለን፤ ሁለቱም ፕሮግራሞች «ኢምፖርት» በሚለው ቃል ይወስዱታል። ይህ ሥርዓት በቋንቋው ደንብ ውስጥ የገባው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 ነው። ሞጁል ባልሆኑ ፋይሎች በላይኛው እርከን የተሰየመው ስም ለገጹ ሁሉ የጋራ ስለሚሆን፣ አንዱ ፋይል የሌላውን ሊያፋልስ ይችላል፤ በሞጁል ግን ያልተፈቀደ ስም ከፋይሉ አይወጣም። እንግዲህ የጳጉሜን ስሌት ቢሳሳት፣ የምናርመው በአንድ ስፍራ ብቻ ነው።