ከላያችን 90 ኪሎ ሜትር ላይ ብረት ተበትኗል፤ በሌዘር ነው የሚታየው

ማታ ተወርዋሪ ኮከብ ስታዩ "አለፈች" ብላችሁ ትረሷታላችሁ አይደል? ድንጋዩ ተቃጥሎ ቢያልቅም በውስጡ የነበረው ብረታ ብረት እዚያው ይቀራል። ከ80 እስከ 105 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ብረት፣ ፖታሲየምና ሶዲየም (አዎ፣ የገበታ ጨው ውስጥ ያለው) በአተም ደረጃ ተበትነው ስስ ንብርብር ሠርተዋል።

አውሮፕላን እዚያ አይደርስም፣ ሳተላይትም ያን ያህል ወርዶ መዞር አይችልም። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ከመሬት ሌዘር ይተኩሳሉ። ለሶዲየም የሚሆነው እንደ ድሮ የመንገድ መብራት ቢጫ የሆነው ብርሃን ነው። አተሞቹ ብርሃኑን ውጠው መልሰው ይረጩታል፣ ቴሌስኮፕ ይለቅመዋል። ደርሶ መልስ 0.6 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ከፍታው የሚሰላው ከዚህ ነው። የቀለሙ ጥቃቅን ለውጥ ደግሞ የነፋሱን ፍጥነትና ሙቀቱን ይናገራል።

አሁን ለምን አነሳነው? የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የስፔስኤክስ ፋልከን 9 ሮኬት የላይኛው ክፍል አውሮፓ ሰማይ ላይ ተቃጠለ። በማግስቱ ሌሊት ጀርመን፣ ኩሉንግስቦርን ያለው ሌዘር 96 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከወትሮው 10 እጥፍ የሚሆን ሊቲየም አገኘ። ከጠፈር ድንጋይ የሚመጣው ሊቲየም በጣም ጥቂት ነው። ሮኬትና ባትሪ ውስጥ ግን ሞልቷል፤ አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት ስልክ ውስጥም አለ።

እኛን ያሳሰበን ቀጣዩ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ዕድሜያቸው ሲያልቅ እዚያው እንዲቃጠሉ ተደርገው ነው የተሠሩት። የሚተዉት ብናኝ ኦዞንን ምን ያደርገዋል የሚለው ገና እየተጠና ነው፤ ሳተላይት ማምጠቁ ግን አልቆመም።