ለልጆች ድምፅን አሰምቶ ማንበብ እስከ ስንተኛ ክፍል?

ለልጆች ድምፅን አሰምቶ ማንበብ ፊደል ላልቆጠሩት ብቻ የሚደረግ ድጋፍ ሆኖ ሲታይ ኖሯል። ልጁ በራሱ ማንበብ እንደ ጀመረ መምህሩ መጽሐፉን ያስረክበዋል፤ ከዚያ ወዲያ አንባቢው ተማሪው፣ አራሚው መምህሩ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ይህ ልማድ፣ በተለይ እንደ አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከአንድ በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አካባቢ፣ ምን ያህል እንደሚጎዳ ነው።

የማዳመጥና የማንበብ ችሎታ እኩል አያድጉም። ፊደል እየለቀመ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የሚደክም የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ማታ ከአያቱ የሚሰማውን ረጅም ታሪክ ሐረጉን ሳይስት ይከታተላል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቹ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እንዲህ ያለው ተማሪ በዓይኑ ሊደርስበት ያልቻለውን ዕውቀት የሚያገኘው በጆሮው ነው። የሚያነብለት ከሌለ ልጁ ዐሥር ዓመት ሲሞላው መጽሐፉ ስድስት ዓመት ላይ ይቆይበታል።

ሌላው ምክንያት ከአጻጻፋችን የመነጨ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይለይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ያመለክታል። «ዋና» ላልቶ የውኃውን፣ ጠብቆ ከሌላው የሚበልጠውን ነገር ይገልጻል። በ«ይበላል» ውስጥ «በ» ከላላ የሚነገረው ስለ በላተኛው፣ ከጠበቀ ስለ ምግቡ ነው። አማርኛን ከእናቱ አፍ የተማረ ልጅ ዐውዱን አይቶ ያስተካክለዋል። አፉን በአዊኛ የፈታ ልጅ ግን ቃሉን አስቀድሞ ካልሰማው አነባበቡን ከገጹ ላይ ሊያገኘው አይችልም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ፣ አዊኛ በግእዝ ፊደል እየተጻፈ በዞኑ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል፤ በአማርኛ ለሌለው የአፍንጫ ድምፅም «ጘ» እና ቤተሰቦቿ ያገለግላሉ። ልጁ ከዚህ ተነሥቶ ወደ አማርኛ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ይሸጋገራል። በእኔ አመለካከት ጉዳቱ የሚጎላው እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ቋንቋ በብዛት መስማት በሚገባው ዕድሜ፣ በክፍል ውስጥ የሚሰማው የባልንጀሮቹን የተቆራረጠ ንባብ ብቻ ይሆናል። በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች አማርኛ መስማት አይገድም የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን የገበያ አማርኛ የመጽሐፍ አማርኛ አይደለም።

ትልልቆቹ ልጆች ይንቁታል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ በኋላ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ጆሮውን ሰጥቶ ያዳመጠው ማንበብ የሚችለው ጎልማሳ ጭምር ነው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የንባብ ኮሚሽን ዘገባ፣ ለልጆች ማንበብ በየክፍሉ ሁሉ ሊቀጥል እንደሚገባ አሳስቧል።

የመጻሕፍት እጥረትም ሰበብ አይሆንም፤ ለመላው ክፍል አንድ ቅጂ ይበቃል። መምህሩ ለታችኞቹ ክፍሎች ተረት፣ ለሰባተኛና ለስምንተኛ የታሪክ መጽሐፍ ወይም ልብ ወለድ መርጦ፣ በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ ያንብብ። ካነበበ በኋላ ጥያቄ አያብዛ፤ ፈተና የሆነ ንባብ ይሰለቻል። ያልተረዱትን በአዊኛ ቢያብራራ ነውር የለውም። ወላጆቹ ማንበብ በማይችሉበት ቤት ታላቅ ለታናሽ ሲያነብ ወላጅም አብሮ ያዳምጣል። ዋናው ዝግጅት ምንባቡን ቀደም ብሎ ማየት ነው፤ ሊያሳስቱ በሚችሉት ቃላት ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።