ስደተኛ የነዋሪውን እንጀራ ይቀማል?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1980 የኩባው መሪ ፊደል ካስትሮ መሄድ የሚፈልግ ኩባዊ በማሪየል ወደብ በኩል እንዲወጣ ፈቀዱ። ማያሚ የሚኖሩ ዘመዶቻቸው የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሳይቀር እየተከራዩ ሊወስዷቸው ባሕሩን ተሻገሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ 125 ሺህ ያህል ሰዎች አሜሪካ ገቡ። ግማሽ ያህሉ እዚያው ማያሚ በመቅረታቸው የከተማዋ የሠራተኛ ቁጥር በአንድ ጊዜ 7 በመቶ ገደማ ጨመረ።

ሥራ ፈላጊ ሲበዛ ደመወዝ ይወርዳል፣ ሥራ አጡም ይበዛል ተብሎ ተሰጋ። ይህን ማጣራት ግን ቀላል አልነበረም፤ በዚያው ወቅት የአሜሪካ ኢኮኖሚ ራሱ ተዳክሞ ነበር። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ካርድ መላ አገኙ፦ ማያሚን ይህ ማዕበል ካልደረሰባቸው እንደ አትላንታና ሂዩስተን ካሉ ከተሞች ጋር አነጻጸሩ። በ1990 የታተመው ጥናታቸው በነዋሪዎቹ ደመወዝም ሆነ በሥራ አጥነት ላይ የጎላ ጉዳት አላገኘም። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ናቸው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የአንድ አገር ሥራ ተቆርሶ የሚያልቅ ድፎ ዳቦ አይደለም። መጤው ቤት ይከራያል፣ ጫማ ይገዛል፣ ፀጉሩን ይቆረጣል፤ የሚያወጣው ገንዘብ ለሌላው ሥራ ይፈጥራል። ቋንቋውን የሚያውቀው ነዋሪም ብዙ ጊዜ ንግግርና ጽሑፍ ወደሚጠይቅ ሥራ ይሸጋገራል።

ነገሩ በተቃራኒውም ተፈትኗል። አሜሪካ ከ1942 ጀምሮ የሜክሲኮ የእርሻ ሠራተኞችን በኮንትራት ታስገባ ነበር። የአገሬው የእርሻ ሠራተኛ ክፍያ እንዲያድግ በሚል በ1964 መጨረሻ አቆመች። ኢኮኖሚስቶች ኋላ ሲመረምሩት ግን በሜክሲኮዎቹ ጉልበት ላይ ይመኩ በነበሩ ግዛቶች ክፍያው ከሌሎቹ የተለየ ዕድገት አላሳየም። የካሊፎርኒያ ገበሬዎች ፊታቸውን ወደ ማሽን አዞሩ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ፣ ተመራማሪዎች በአንድ ጊዜ የሚበስልና በቀላሉ የማይፈርጥ ቲማቲም አዳቅለው፣ ተክሉን ቆርጦ ፍሬውን የሚያራግፍ ማሽን ሠርተው ነበር። የእጅ ለቀማው ሥራ ለአገሬውም ሳይተርፍ ቀረ።

ሁሉም ምሁር በዚህ አይስማማም። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ቦርሃስ የማያሚን መረጃ እንደገና ፈትሸው፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያልጨረሱ ወንዶች ደመወዝ ከ10 እስከ 30 በመቶ ወርዷል ብለዋል። ሌሎች ደግሞ መረጃው የተወሰደው ከጥቂት ሰዎች በመሆኑ ድምዳሜው አያስተማምንም ሲሉ ተከራክረዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ ስደት በረጅም ጊዜ በአጠቃላይ ደመወዝ ላይ ያለው ተጽዕኖ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ጉዳት ሲኖር ይበልጥ የሚሰማቸው ቀደም ብለው የገቡ ስደተኞችና ትምህርት ያቋረጡ ነዋሪዎች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ሊረሱ አይገባም። የሚጠቅማቸው ግን የሙያ ሥልጠና፣ የቋንቋ ትምህርትና በተግባር የሚከበር የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ነው። ድንበር መዝጋት ብቻውን ደመወዝ እንደማያሳድግ የካሊፎርኒያ ቲማቲም እርሻ አሳይቷል።