በረዶ ሁሉ አንድ አይደለም

እኛ አገር በረዶ መጣ ሲባል ደስ የሚለው ገበሬ የለም። ቆርቆሮው መንኳኳት ሲጀምር ልጆች ሮጠው ይለቅሙታል፤ አባትየው ግን ልቡ ማሳው ላይ ነው። በሌላው ዓለም ደግሞ በረዶ ሊጥል ነው ሲባል ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው በስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰር ረጅም ሳንቃ፣ ለመንሸራተት ወደ ተራራ የሚገሰግሱ አሉ። የሚያምታታን አማርኛችን ሁለቱንም «በረዶ» ብሎ መጥራቱ ነው።

የእኛው በረዶ ጠጠር ነው። ነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ ሽቅብ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ የውሃውን ጠብታ እያነሳ ያረጋዋል። የረጋው ጠብታ ሌላ ውሃ እየደረበ ይወፍርና ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይወርዳል። ትልቁን ጠጠር ለሁለት ቢከፍሉት እንደ ሽንኩርት ንብርብሩ ይታያል።

የስኪው በረዶ አፈጣጠሩ ሌላ ነው። በቀዝቃዛ ደመና ውስጥ እንፋሎቱ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ በረዶነት እየተለወጠ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ስስ ቅንጣት ይሠራል። ቅንጣቶቹ ሲከመሩ በመካከላቸው ብዙ አየር ይቀራል። አዲስ የጣለ 10 ሴንቲ ሜትር በረዶ ሲቀልጥ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ብቻ ይወጣዋል፤ ደረቁ ከዚያም ያንሳል። ይህን ደረቅ በረዶ ፈረንጆቹ «ዱቄት» ይሉታል። እውነትም ከወፍጮው አፍ ገና የወረደ የጤፍ ዱቄት ይመስላል፤ ቢጨብጡት አይጣበቅም፣ እፍ ቢሉት ይበናል።

በዚህ ዱቄት ላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው እስከ ጉልበቱ፣ አንዳንዴም እስከ ወገቡ ይሰምጣል። ስኪ የተጫማ ሰው ግን ክብደቱ በረጅሙ ሳንቃ ላይ ስለሚበተንለት፣ ጣና ላይ እንዳለ ታንኳ ይንሳፈፋል። አሜሪካ ዩታ ውስጥ አልታ በተባለው የስኪ ሥፍራ በዓመት በአማካይ ከ12 ሜትር በላይ በረዶ ይጥላል። የጃፓኗ ሆካይዶም ከሳይቤሪያ የሚነሳው ደረቅ ብርድ ባሕሩን ሲሻገር እርጥበት እየጫነ ስለሚደርስላት በዱቄቷ የታወቀች ናት።

ታዲያ ስኪ ወዳጆቹ የበረዶው ማዕበል እስኪያባራ ለምን አይጠብቁም? ዱቄቱ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ነው። ፀሐይ ያረጥበዋል፣ ነፋስ ያጠነክረዋል፣ የቀደመው ሰው ይረግጠዋል። ችኮላው ግን ዋጋ አለው። ትኩሱ ክምር ከሥሩ ካለው አሮጌ በረዶ ጋር ሳይያያዝ ቁልቁል ሊናድ ይችላል፤ የበረዶ ናዳ የሚበዛውም ማዕበሉ እየጣለና ካባራ በኋላ ባለው አንድ ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ የስኪ ሥፍራ ሠራተኞች ማለዳ ፈንጂ እያፈነዱ አስቀድመው ይንዱታል፤ ያልተከፈተ ገደል የሚገባ ግን በነፍሱ ይቆምራል።

የእኛው የጮቄ ተራራስ? ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ እያለው ለምን ነጭ ካባ አይለብስም? መልሱ ከወራቱ ነው። በክረምት እርጥበት ሞልቷል፤ ነገር ግን ውሃ የሚረጋበት ከፍታ ከጮቄ ጫፍ በላይ ስለሆነ የሚወርደው ዝናብና የበረዶ ጠጠር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ያኔ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ደመና አይገኝም። ለሣሩ የሚተርፈው ውርጭ ብቻ ነው። እርጥበቱና ብርዱ አይገናኙም። ራስ ደጀን ላይ አልፎ አልፎ ቢጥልም ብዙ አይቆይም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኢትዮጵያ የስኪ ኦሊምፒያን አላት። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም ስኪን የተማረው አሜሪካ፣ ሌክ ፕላሲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር ውድድር 83ኛ ወጣ፤ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ተወዳደረ። የእሱ ስፖርት በተደለደለ መንገድ የሚካሄደው አገር አቋራጭ ስኪ ነው እንጂ የዱቄቱ ቁልቁለት አይደለም። አዲስ አበባ ሲመጣ ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር።

እንግዲህ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ደውሎ «በረዶ ጣለልን!» ብሎ ቢፈነድቅ «እህሉስ ተረፈ?» ብላችሁ አትደንግጡ። የእነሱ በረዶ ሌላ ነው።