ሁለት መዝገብና አንድ ጸሐፊ

ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥርን ነው፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን ስምን ነው። በሁለቱ መካከል ሆኖ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ዲ ኤን ኤስ የተባለው ሥርዓት ነው፤ ይኸንንም ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 አወጣው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ስሙ ሁሉ በአንድ ፋይል ተጽፎ በካሊፎርኒያ ይቀመጥና ሌላው ከዚያ ይገለብጥ ነበር።

ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የስም መዝገባቸውን ለክላውድ አገልግሎት ሰጥተዋል። አማዞን በ2010 የከፈተው ሩት 53 ከነዚህ አንዱ ነው። የኔትወርኩ ኃላፊ ደግሞ ሌላ መዝገብ አለው፤ ይኸውም የትኛው ቁጥር ለየትኛው ዕቃ እንደ ተሰጠ የሚጻፍበት ሲሆን፥ ኔትቦክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ ያገለግላል።

እንግዲህ ሰርቨር በተተከለና በተነሣ ቁጥር በሁለቱም ላይ መጻፍ ግድ ነው፤ ሰው ግን ሁለተኛውን ይረሳል። ሰርቨሩ ከክላውድ ተነሥቶ ስሙ ሳይሰረዝ ከቀረ፥ ቁጥሩ ለማናውቀው ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ስም እንግዶችን ወደ ባዕድ ቤት ይመራል። ሁለቱን መዝገብ ማገናኘት ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

ለማገናኘት ከሚሠራባቸው አንዱ ኦክቶ ዲ ኤን ኤስ ነው። ኔትቦክስን ያነባል፥ ከሩት 53 ጋር ያስተያያል፥ ልዩነቱንም ይጽፋል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ጸሐፊው ማን እንደሚሆን መወሰን ነው። በእኛ አስተያየት ሰው በኔትቦክስ ብቻ ይጻፍ፥ በሩት 53 ላይ ደግሞ አገናኙ ብቻ። በሩት 53 በእጁ የሚያርም ሰው እርማቱ በሚቀጥለው ዙር እንደሚጠፋበት አስቀድሞ ይነገረው።

ጸሐፊ ሲበዛ የሚሆነውን በጥቅምት 2025 አይተናል። በአማዞን የቨርጂኒያ ማዕከል የዳይናሞ ዲ ቢን ስም የሚጽፉ ሠራተኛ ፕሮግራሞች ነበሩ። አንደኛው ዘግይቶ አሮጌውን ዕቅድ በአዲሱ ላይ ጻፈበት፤ ሌላው ደግሞ አሮጌ ዕቅዶችን ሲጠርግ ያንኑ ሰረዘው። መዝገቡ ባዶ ሆነ። ዳታቤዙ በቦታው ሳለ ስሙን የጠየቀ ሁሉ ቁጥር አጣ፤ በዓለም ላይ ብዙ አገልግሎት ቆመ፤ መዝገቡንም በመጨረሻ የሰው እጅ አስተካከለው።

ኦክቶ ዲ ኤን ኤስ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነው። ፈጽም ካልተባለ ሊያደርግ ያሰበውን አሳይቶ ይቆማል፤ ካሉት መዝገቦች ከ30 በመቶ በላይ የሚለወጡ ወይም የሚሰረዙ ከሆነም እምቢ ይላል። (ይኸን ገደብ ሥራ ያጓትታል ብሎ የሚያነሣ አይታጣም፤ እኛ አንደግፈውም።) ለአገናኙ የሚሰጠውም ቁልፍ የመሥሪያ ቤቱን ሁሉ የሚከፍት አይሁን፤ አማዞን ፈቃዱን በአንድ ዶሜን ብቻ መወሰን ይፈቅዳል።

የመልሱም ዕድሜ ይታሰብ። ዕድሜው 86400 ሴኮንድ ከተባለ፥ የተሳሳተ ቁጥር ብናርምም እንኳ በሌሎች ሰርቨሮች ዘንድ አንድ ቀን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አገናኙ ሥራ ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድሞ ዕድሜውን ወደ 300 ማውረድ፥ ነገሩ ከረጋ በኋላም መመለስ ይገባል።